ከምደባ በኋላ የሚበስል ፍላጎት፦ ነርስነትና የደብረ ሲና ወጣቶች

«ነርስነትን ለምን መረጥሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አጥኚ ምርጫ እንደነበረ አስቀድሞ ወስኗል። በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ያመጣ ተማሪ የሚፈልጋቸውን የትምህርት መስኮች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ የሚደርሰውን ግን ውጤቱና የየትምህርት ክፍሉ የመቀበል አቅም ይወስናሉ። ሕክምናን አንደኛ አድርጋ የሞላች ልጅ ነርሲንግ ሊደርሳት ይችላል። ከደብረ ሲና የጣርማ በርን አቀበት ወጥታ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የገባች ወጣት ለጥያቄው «ደርሶኝ ነው» ብትል እውነቷን ነው። በእኔ እምነት ይህን መልስ የፍላጎት ማጣት ምልክት አድርጎ መመዝገብ ትልቅ ስህተት ነው።

ደብረ ሲና ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት ጥግ ላይ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኘው መንገድ በመካከሏ ያልፋል። ከዋናው መንገድ ወጣ ባሉት ገደላማ ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት መኪና እስኪገኝ በቃሬዛ ትወሰዳለች፤ ወንዶቹ እየተቀያየሩ ይሸከማሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ስንቅና ልብስ ይዘው ይከተላሉ። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ በጠመዝማዛው መንገድ የሚደርሰው የመኪና አደጋም አለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከዚህ አካባቢ ደርሶ ነበር። እዚህ ያደገ ልጅ የነርስነትን ትምህርት ሳያውቅ በፊት የታመመ ሰው የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ያውቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የአካባቢ ልጆችን በየቀበሌው ጤና ኬላ መድቦ፣ ለገጠር ልጃገረዶች ደመወዝተኛ የጤና ባለሙያ ሴት በቅርብ አሳይቷቸዋል።

የእንጀራ ጉዳይም አለ። በዲፕሎማ የሚመረቅ ነርስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደመወዝ አግኝቶ ታናናሾቹን ለማስተማር ተስፋ ያደርጋል። ብዙ ጽሑፎች ይህን «ውጫዊ ምክንያት» ብለው ከርኅራኄ በታች ያስቀምጡታል። እኔ አልስማማም። ለእናቱ ጤፍና ዘይት ለመግዛት ብሎ የተማረ ሰው የሌላ ሰው እናት ስትታመም ግዴለሽ ይሆናል የሚያሰኝ ምንም ምክንያት የለም። ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራየን ያዳበሩት የተነሳሽነት ንድፈ ሐሳብም ከውጭ የመጣ ምክንያት ቀስ በቀስ የራስ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ለዚህ ግን ሠራተኛው በሥራው የመወሰን ነፃነት፣ ችሎታውን የሚያሳይበት ዕድልና ከሰዎች ጋር እውነተኛ ቅርበት ማግኘት አለበት።

ምደባ ያልነካው ምርጫ ምን እንደሚመስል ለማየት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ማንሳት ይጠቅማል። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከቤተሰባቸው ጋር እንግሊዝ አገር ተሰደው ሳሉ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 በነርስነት ተመረቁ። ለንጉሥ ልጅ የሌሊት ተረኝነት ግዴታ አልነበረም፤ ደመወዙም አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ቁስለኛውንና ስደተኛውን ያበዛውን ጦርነት ወደ ጎን ትተን ምርጫቸውን መረዳት የሚቻል አይመስለኝም። በነፃነት የተመረጠ ሙያ እንኳ ከዘመኑ መከራ ተነጥሎ አይታይም። ልዕልቲቱ በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1942) ነቀምቴ ሳሉ በ22 ዓመታቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛም ሆኖ ነበር።

እንግዲህ የነርሶችን ፍላጎት የምናጠና ሰዎች መጠይቁን በምዝገባ ቀን አስሞልተን መመለስ የለብንም። ያችኑ ተማሪ መጀመሪያ የሆስፒታል ልምምድ ከወጣች በኋላ፣ ቀጥሎም ሥራ ይዛ ጥቂት የሌሊት ተራዎችን ካሳለፈች በኋላ እንደገና መጠየቅ ይገባል። ያኔ «ደርሶኝ ነው» ያለችው ልጅ ስለ አንዲት ወላድ ደም መቆም ወይም ስለ አንድ ሕፃን ትኩሳት መብረድ ትነግረን ይሆናል። ስለ ጓንት እጥረት፣ በአንድ ነርስ ስለሚጠበቁ ብዙ አልጋዎችና የቤት ኪራይ ስለማይከፍል ደመወዝም ትነግረን ይሆናል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ክፍያቸው እንዲሻሻል ጠይቀው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ ሙያቸውን እንደጠሉ አድርጎ የተረጎመው ሰው ጥቂት አልነበረም። ጥያቄያቸው ግን በዚያው ሙያ ውስጥ ኖሮ መሥራት እንዲቻል ነበር።