ከከተማው ወሰን ባሻገር፤ የአያትና የአካባቢው የምርጫ ወረዳ ታሪክ

ዛሬ አያት ሲባል ባቡሩ የሚቆምበት፣ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረበት፣ ከማለዳ ጀምሮ ሰው የሚጋፋበት ሰፈር ነው። ስሙም የቅርብ ጊዜ ነው፤ እዚህ መንደር ከሠራው የቤት ኩባንያ የተገኘ እንጂ ከጥንት የመጣ አይደለም። የጥንቱን ስም የሚሻ ሰው የካን፣ ኮተቤንና ለሚን ይጠይቅ። እኛ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር፣ ስለ ቤቶቹና ስለ መንገዶቹ የሚጽፍ ብዙ እንደሚሆን ገመትን። ይህ የከተማ ዳር አገር በፓርላማ የተወከለው በምን ዓይነት ነበር? የሚለውን ጥያቄ ግን የሚያነሣ ስላላየን፣ እርሱን መረጥን።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው በሐምሌ ወር 1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ እነርሱም የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ናቸው። ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ፣ የሕግ መምሪያውን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ስለዚህ ለዚያ ዘመን የምርጫ ወረዳ ታሪክ የሚባል ነገር የለም፤ ጭቃ ሹሙና ባላባቱ ያውቁታል ማለት ይበቃል።

ነገሩ የተለወጠው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ እንደራሴውን እንዲመርጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደርጎ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ሰንዱ ገብሩ በዚህ ምርጫ ወደ ፓርላማ ገቡ፤ አስተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሕግ ሲመክር ማየት ለእኛ ለተማሪዎች የሚያኮራ ነው።

አሁን አንባቢ ከእኛ ጋር ጥቂት ሒሳብ እንዲሠራ እንለምናለን። ሕገ መንግሥቱ ግዛቱን ሁሉ 200,000 ያህል ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች ከፍሎ፣ እያንዳንዱ ወረዳ 2 እንደራሴዎችን እንዲልክ አዘዘ። ይህ ለአንድ መቶ ሺህ ሰው አንድ እንደራሴ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ለራሱ አንድ እንደራሴ፣ ከ30,000 በላይ ለሚሆነው ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ እንዲያገኝ ፈቀደ። አዲስ አበባ በመስከረም 1954 ዓ.ም. ስትቆጠር 443,728 ነዋሪ ተገኘባት። ስሌቱን በዚህ ቁጥር ላይ ብናውለው 9 ይመጣል። እንግዲህ በከተማው ወሰን ውስጥ የሚኖር ሰው ድምፁ ከወሰኑ ውጭ ከሚኖረው ገበሬ ድምፅ በእጥፍ ይከብድ ነበር ማለት ነው። የዛሬው አያት ደግሞ በዚያን ጊዜ ከወሰኑ ውጭ ነበር፤ እርሻና ግጦሽ የበዛበት የሸዋ ገጠር ነበር። ጠዋት በአህያ ጭድና እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ ገብቶ፣ ማታ ወደ ጎጆው የሚመለስ ሰው በየቀኑ የሚሻገረው መስመር የድምፁንም ክብደት የሚለውጥ መስመር ነበር። ይህን ያወቀ አይመስለንም።

ከተማ የትምህርትና የንግድ ማዕከል ስለሆነ ብልጫ ይገባዋል የሚል ክርክር ይቀርብ ይሆናል። እኛ ግን አልተቀበልነውም። በእንግሊዝ አገር እንኳ ኦልድ ሳረም የሚባል፣ ሰው የማይኖርበት ያህል የሆነ የፈረሰ ከተማ ሁለት እንደራሴዎችን ሲልክ፣ ብዙ ሕዝብ ያለው ማንቸስተር አንድም እንዳልነበረው በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ይህ የተስተካከለው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1832 በወጣው ሕግ ነው። የእኛ አገር ልዩነት ያን ያህል የከፋ አልነበረም፤ ግን ዘሩ አንድ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። እጩ ለመሆን 25 ዓመት መሙላትና በወረዳው መኖር ብቻ አይበቃም ነበር፤ በወረዳው ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ጭሰኛ ይመርጣል፤ የሚመረጠው ግን ብዙውን ጊዜ ባለ መሬት ነው። የባለ መሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያሻሽለው የሕግ ረቂቅ ፓርላማ ገብቶ እስከ መጨረሻው ሳይጸድቅ የቀረው ለምንድን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን እዚህ ያገኘዋል።

በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫው እንደዚሁ ቀጠለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ፓርላማው ተዘጋ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። የቀድሞው ወሰን ግን በሌላ መልክ ተመለሰ፤ በወዲህ በኩል ቀበሌ፣ በወዲያ በኩል የገበሬ ማኅበር ቆመ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. 835 አባሎች ላሉት ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ እጩዎቹ ግን በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር የቀረቡ ስለነበሩ በዚህ ብዙ አንቆይም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ ክልል 14 ተብላ በ28 ወረዳዎች ተከፈለች። በኮተቤ በኩል ያለው ሰፊው የምሥራቅ ዳርቻ የመጨረሻውን ቁጥር፣ ወረዳ 28ን አገኘ። ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ዓ.ም. 547 መቀመጫ ላለው የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ ለአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች ተመደቡላት። እነዚህ የምርጫ ክልሎች በወረዳዎቹ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. ወረዳዎቹ ቀርተው 10 ክፍለ ከተማዎች ሲተኩ የምርጫ ክልሎቹ የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ቀሩ። ወረዳው ሞቶ ስሙ በምርጫ መዝገብ ላይ ኖረ ማለት ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የሆነውን ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። መራጩ ሌሊት ተነሥቶ ተሰለፈ፤ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች ሁሉ፣ ከከተማው ምክር ቤትም ከ138ቱ 137ቱን አሸነፈ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ረብሻ ግን የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በ2002 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ23ቱ ያገኙት አንድ ብቻ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. አንድም አላገኙም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በምሥራቁ ዳርቻ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። ከመሀል ከተማ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎችና የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው በሺህ እየሆኑ ወደ አያት፣ ወደ ሰሚትና ወደ ቦሌ አራብሳ መጡ። እርሻው ሲጠፋ ገበሬውም ከቦታው ተነሣ። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር አያት ደረሰ። የመቀመጫው ቁጥር ግን 23 እንደሆነ ቆየ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2,112,737 ነዋሪ ስለነበራት ለአንድ መቀመጫ 92 ሺህ ሰው ገደማ ይደርስ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,739,551 ስትሆን 119 ሺህ ደረሰ። ይህም አማካይ ነው፤ ሰው የለቀቀው መሀል ከተማና ሰው የጎረፈበት ዳርቻ እኩል አይደሉም። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ እንዲቆጠር፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በቆጠራው ውጤትና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ መሠረት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን በአንቀጽ 103 ያዛል። ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ሊደረግ የታቀደው ቆጠራ ግን ተደጋግሞ ተላለፈ።

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ፤ አያትም የእርሱ ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ምርጫ ሲደረግ ሕዝቡ በአዲሱ ክፍለ ከተማ እየኖረ በአሮጌው የምርጫ ክልል ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ።