ድርቆሽና መንገድ፦ ከአዲስ ቅዳም የታየ ታሪክ



ስለ እርሻ መሣሪያ ታሪክ ስንናገር ዘወትር ሞፈርና ማረሻን እናስቀድማለን። እኔ ዛሬ ስለ ድርቆሽ እናገራለሁ።

በልጅነቴ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ክረምቱ ሲወጣ አባቶቻችን ሣሩን በማጭድ ያጭዱ፣ በፀሐይ ያደርቁ፣ በየግቢያቸውም ይከምሩ ነበር። መለኪያው ሸክም ነበር። ሣሩ ከበቀለበት ቀዬ ስለማይወጣ በሚዛን የሚመዝነው አልነበረም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ሲነሣ ስለ ጀግንነት እናወሳለን፤ ፈረሱ በጋውን ምን በልቶ እንደሚከርም ግን አንጠይቅም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ታሪኩ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ፈረሶች ከሩቅ የሚመጣ ድርቆሽ ይፈልጉ ነበር፤ ልቅ ድርቆሽ ደግሞ ክብደቱ ጥቂት፣ የሚይዘው ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ በአንድ ቦታ ተተክሎ ሣር የሚጨምቅ መሣሪያ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፔንሲልቫኒያው ኤድዊን ኖልት ሣሩን ከማሳ አንሥቶ፣ ጨምቆ፣ በሲባጎ ራሱ የሚቋጥር ማሽን ሠራ፤ ኒው ሆላንድም ከ1940 ጀምሮ ለገበያ አቀረበው። ማሽኑ የሣሩን ምርት አልጨመረም፤ ሣሩን መንገደኛ አደረገው እንጂ።

በአገራችን የዚህ ምሳሌ ሱሉልታ ነው። የሜዳው ድርቆሽ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይጓዛል። ማሽን በሌለበትም ሣሩን በእንጨት ሣጥን ውስጥ ረግጦ በገመድ ማሰር ይቻላል፤ ሥራው ያው ነው።

ወደ አዲስ ቅዳም ልመለስ። በቅርብ አሥርት ዓመታት ማሳውን የያዘው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ጥላው እስኪከብድ ድረስ ሣር ይታጨዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ይቆረጣል። ያ ሣር የባለ ማሳው ነው። የጋራ ግጦሽ በጠበበ ቁጥር፣ ማሳ የሌለው ሰው ከብት ድርቆሽ በገንዘብ የሚገዛለት ይሆናል።

ማሰሪያ ማሽን ይምጣ፤ ብክነትንና ድካምን ይቀንሳል። ነገር ግን ማሽኑ የሚያስረው አስቀድሞ ባለቤት የተለየለትን ሣር ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ወደየቀያችሁ ስትመለሱ አዛውንቶችን ጠይቁልኝ፦ የትኛው ሜዳ የጋራ ነበር? ማን በምን ሥርዓት ያጭደው ነበር? ይህን የሚያውቁት ሳያልፉ መልሱን ጻፉት።