የጋለ ሞተር፦ የአሮጌ መኪናን ማቀዝቀዣ በራስ እጅ ለመጠገን

አዲስ አበባ፦ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ የተሽከርካሪው መጨናነቅ ሲበረታ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት እያስወጣ ዳር የያዘ አሮጌ መኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አሽከርካሪው በሃይላንድ ውሃ ይዞ ይጠባበቃል፤ ከኋላው ያሉት ጥሩንባ ያሰማሉ። በዚያች ቅጽበት የሚወሰን ውሳኔ ቀላል ጥገናን ከባድ ኪሳራ ሊያደርገው፣ ፊትንና እጅንም ለቃጠሎ ሊዳርግ ይችላል።

አሮጌ መኪና በሀገራችን በዋዛ የሚጣል ሀብት አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ታክስ እንዲገቡ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ያለውን ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ነው።

አሠራሩ

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከሚገኘው ጉልበት አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው በማቀዝቀዣው በኩል በሙቀት መልክ ይወጣል። የውሃ ፓምፑ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ያዘዋውራል። ቴርሞስታት የተባለው መዝጊያ ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግቶ ይቆይና እንደ ዓይነቱ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይከፈታል። ከዚያ ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሄዶ በነፋስና በቬንትሌተር ይቀዘቅዛል። በከተማችን በብዛት የሚታወቀው አሮጌው ቮልስዋገን ግን በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር የለውም፤ የእርሱ ጤንነት የሚጠበቀው በቬንትሌተሩ ቺንጋና በሞተር ዘይቱ ነው።

ደጋነት የሚያመጣው ልዩነት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ለዚህ ቁጥር በጣም የቀረበ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ከተጻፈ፣ ግፊቱን አምቆ የውሃውን መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ትርፍ ያሳጣል። በመሆኑም ማንኛውም ምርመራ ከዚህ ርካሽ ዕቃ መጀመር አለበት።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በግፊት ታምቆ ሳይፈላ የቆየ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይፈናጠራል። በግብርና ኮሌጅ የትራክተር ጥገና ስንማር ከመፍቻ አያያዝ በፊት የተነገረን ነገር ይህ ነበር፦ የጋለ ራዲያተር አይከፈትም።

መንገድ ላይ ሲግል

የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ አየር ማቀዝቀዣ ካለ ያጥፉ፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ማሞቂያው ሙቀትን ከሞተሩ ስለሚወስድ እንደ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላል። መርፌው ካልተመለሰ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥልና ሲጨበጥ የሚለሰልስ እስኪሆን ክዳኑን አይንኩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ወይም ሊያጣምም ይችላል።

መንስኤውን መለየት

መኪናው የሚግልበት ሁኔታ ብዙ ይናገራል። ቆሞ ሲጠብቅ ግሎ ሲሄድ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ቬንትሌተሩ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፊውዙንና ሽቦውን ይመልከቱ፤ በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መርገብ አለበት። በዳገትና በፍጥነት ጊዜ የሚግል ከሆነ የውሃ ማነስ ወይም የራዲያተር መደፈን ይጠረጠራል። ሞተሩ ግሎ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቷል ማለት ነው።

ቴርሞስታትን አውጥቶ በድስት ውሃ ውስጥ በማሞቅ መፈተሽ የታወቀ ዘዴ ነው። እዚህ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በ88 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ የአዲስ አበባ የፈላ ውሃ ግን ከ92 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በትንሹ ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። ፈጽሞ ካልተከፈተ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ ካልተዘጋ ግን ይቀየር።

ቴርሞስታቱን ጭራሽ አውጥቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ይፈጃል፤ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው በአቋራጭ እየዞረ ራዲያተሩን ስለሚያልፈው ግለቱ ይብሳል።

ራዲያተሩን ማጠብ

ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን መክፈቻ ፈተው አሮጌውን ውሃ በገንዳ ይቀበሉ። ከዚያ ዘግተው ንጹሕ ውሃ ይሙሉ፤ ሞተሩን አሙቀው፣ አቀዝቅዘው መልሰው ያውጡ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ይደጋግሙ። ቱቦዎቹን ጨብጠው ይመርምሩ፤ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ካለ ከነማሰሪያው ይቀይሩ። ከውጭ በኩል ያለውን አቧራና ገለባ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ያጥቡ። ይህ ለትራክተር ባለቤቶችም በተለይ በውቂያ ወቅት እጅግ ይጠቅማል።

ሲሞሉ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ማደባለቅ ይመከራል። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍያውን ዲግሪም ይጨምራል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ማዕድን ስለሚይዝ ቀስ በቀስ ቧንቧዎቹን ይደፍናል። በመጨረሻም ክዳኑ እንደተከፈተ፣ የውስጥ ማሞቂያው በርቶ፣ ሞተሩን ያለ ነዳጅ ግፊት ያሠሩት፤ የአየር አረፋው ሲያበቃ የጎደለውን ሞልተው ይክደኑ።

ኩላንት መርዝ ነው። ጣፋጭነት ስላለው ሕፃናትና እንስሳት ሊጠጡት ይችላሉ። የወጣውን በዕቃ ከድነው ያስቀምጡ እንጂ በግቢ ወይም በቦይ አያፍስሱ።

ለባለሙያ የሚተው

ጠዋት ሞተሩ እንደተነሣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ፣ የሞተር ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ወይም ሳያፈስ ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ከመንዳት ተቆጥበው መካኒክ ያማክሩ። ከመዳብና ከናስ የተሠራ አሮጌ ራዲያተር በብየዳ ይድናል፤ የፕላስቲክ ጭንቅላት ያለው ሲሰነጠቅ ግን መቀየሩ ይሻላል።

ከጉዞ በፊት

ከጎሃጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ፣ እንዲሁም የጣርማበር ዳገት የማቀዝቀዣን ደካማ ጎን ያጋልጣሉ። በተለይ በዓባይ በረሃ የቆላው ሙቀትና ረጅሙ ዳገት ይገጣጠማሉ። ስለዚህ ሲነሡ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የውሃውን መጠን፣ ክዳኑን፣ ቺንጋውንና ቱቦዎቹን ይመልከቱ፤ ትርፍ ውሃ ይያዙ። ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሳይጣደፉ ይውጡ። ጠዋት በግቢ የሚጠፋው አሥር ደቂቃ በበረሃ መካከል ከሚባክን ሙሉ ቀን ይሻላል።