ጆሮ የሰማውና ዓይን ያየው

ከመስማት ማየት ይበልጣል የሚባለው ነገር በብዙ ጉዳይ እውነት ነው። ዳኛ በወሬ ከሚፈርድ በዓይኑ አይቶ ቢፈርድ ይሻላል፤ ገበያተኛም በቅሎን በዝናዋ ከሚገዛ ጥርሷን አይቶ ቢገዛ ይጠቀማል። ዳሩ ግን ጆሮ በቅንነት የተቀበለውን ዓይን መልሶ የሚያባርርበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነገር ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ የአሜሪካ የባላገር ዘፈን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ዘፈኑ በሸክላና በራዲዮ ካደገ በኋላ ወደ ሲኒማና ወደ ቴሌቪዥን በተሻገረ ጊዜ የሆነው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።)

አሜሪካኖች «ካንትሪ» ብለው የሚጠሩት ይህ ዘፈን የደቡቡ ክፍል ገበሬዎች፥ የከሰል ቈፋሪዎችና የምድር ባቡር ሠራተኞች ዘፈን ነው። ከብሪታንያና ከአየርላንድ የፈለሱት ድኾች ቫዮሊናቸውንና ከአያቶቻቸው የወረሱትን ግጥም ይዘው መጡ። በባርነት የተወሰዱት አፍሪካውያን ደግሞ የባንጆን አሠራር በልባቸው ይዘው ሄዱ፤ ባንጆ ዛሬ የነጭ ባላገር ምልክት ተደርጎ ቢቈጠርም ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ተጨመረበት። ኤ ፒ ካርተር የሚባለው የቨርጂኒያ ተራሮች ሰው የቤተሰቡን ዘፈን በ1927 ዓ.ም. በሸክላ ካስቀረጸ በኋላ አዲስ ዘፈን ፍለጋ በየመንደሩ ሲዞር፥ ሌስሊ ሪድል የተባለ አንድ እግሩን ያጣ ጥቁር ጊታር መቺ አብሮት ይሄድ ነበር። ካርተር ግጥሙን በወረቀት ሲጽፍ ሪድል ዜማውን በአእምሮው ይይዝለት ነበር። በሸክላው ላይ የታተመው ግን የካርተር ስም ነው።

በ1925 ዓ.ም. በቴነሲ ግዛት፥ በናሽቪል ከተማ፥ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ደብልዩ ኤስ ኤም የሚባል የራዲዮ ጣቢያ ከፈተ። ዓላማው ግልጽ ነበረ፤ ባላገሩ ዘፈኑን ወዶ ኢንሹራንሱን እንዲገዛ ነው። በዚያው ዓመት ጆርጅ ሄይ የተባለ የጋዜጣ ሰው የ77 ዓመት ሽማግሌ ቫዮሊን መቺ በማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ የቅዳሜን ማታ ፕሮግራም ጀመረ። በ1927 ዓ.ም. አንድ ማታ፥ ከፕሮግራሙ አስቀድሞ የሚተላለፈው የታላላቆቹ ደራሲዎች ሙዚቃ እንዳበቃ፥ ሄይ ዲፎርድ ቤይሊ የሚባለውን ሃርሞኒካ ነፊ አቀረበ። ቤይሊም የባቡርን ሩጫ በሃርሞኒካው አሰማ። ከዚህ በኋላ ሄይ፥ እስካሁን የሰማችሁት ግራንድ ኦፔራ ነው፤ ከእንግዲህ ግን «ግራንድ ኦል ኦፕሪ»ን ትሰማላችሁ ሲል ቀለደ። ኦፕሪ ማለት ኦፔራ የሚለው ቃል በባላገር አፍ ሲጠራ ነው። ስሙ በዚያው ጸና፤ ፕሮግራሙም እስከ ዛሬ አለ።

ይህ ቤይሊ በ1899 ዓ.ም. በቴነሲ ገጠር የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። በሕፃንነቱ ልምሻ ስለ ያዘው ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ዋለ፤ ቁመቱም አጭር ሆኖ ቀረ፥ ጀርባውም ጎበጠ። ተኝቶ ሳለ የውሻውን ጩኸት፥ የዶሮውን ጫጫታና የባቡሩን ፉጨት እየሰማ በሃርሞኒካ መልሶ ማሰማትን ተማረ። በ1928 ዓ.ም. ከ52ቱ ሳምንቶች በ49ኙ በኦፕሪ ላይ ተጫወተ፤ ከእርሱ የበለጠ የቀረበ አልነበረም። ራዲዮውን የሚሰማው ነጭ ገበሬ፥ ማታ ከሥራ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ያን ባቡር ሲሰማ የነፊው ቆዳ ምን ዓይነት ነው ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ብዙዎቹም አያውቁም ነበር። ተጫዋቾቹ በየከተማው ሲዞሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕዝቡ በአዳራሽ አጨብጭቦለት ካበቃ በኋላ ሆቴሉ አያሳድረውም፥ ምግብ ቤቱም አያስተናግደውም። አንዳንድ ጊዜ ባልንጀሮቹ ማደሪያ እንዲያገኝ ሲሉ አሽከራችን ነው ይሉለት ነበር። በእኛም አገር ቢሆን አዝማሪውን ለሠርጉ የሚለምነው ሰው ልጁን ለአዝማሪ አይድርም ነበርና፥ ይህ ጠባይ የአሜሪካኖች ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።

ዓይን ወደዚህ ዘፈን የገባው በልብስ በኩል ነው። የኦፕሪ ተጫዋቾች በመጀመሪያ ወደ ጣቢያው የሚመጡት እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ከራባት አስረው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፥ ሐምፍሪ ቤይት፥ የተማረ ሐኪም ነበረ። ሄይ ግን ሐኪም የሚመራው ባንድ ለባላገር ዘፈን አይስማማም ብሎ «ፖሰም አዳኞች» የሚል የዱር አውሬ አዳኝ ስም አወጣላቸው፤ ተጫዋቾቹም ከራባታቸውን ፈትተው በገበሬ ቱታ ፎቶግራፍ እንዲነሡ ተደረገ። ባላገሩን ባላገር ለማስመሰል ልብስ ማስለወጥ አስፈለገ ማለት ነው!

ሆሊውድ ደግሞ ቱታውን አስወልቆ የካውቦይ ልብስ አለበሳቸው። ጂን ኦትሪ የሚባለው የቴክሳስ ተወላጅ የምድር ባቡር ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበረ፤ በ1934 ዓ.ም. በሲኒማ ታይቶ በፈረስ ላይ የሚዘፍን ጀግና ሆነ። እርሱን ተከትሎ የተነሣውና የካውቦዮች ንጉሥ የተባለው ሮይ ሮጀርስ የእናት የአባቱ ስም ሌናርድ ስላይ ሲሆን የተወለደው በሲንሲናቲ ከተማ ነው። ከዚህ ወዲያ ከብት ነድተው የማያውቁ የቴነሲ ዘፋኞች ሁሉ ባርኔጣ ደፉ፥ ቡትስ ጫማ አደረጉ። በብልጭልጭ የተጠለፈውን ኮት ይሰፋላቸው የነበረው ኑዲ ኮንም የኪየቭ ተወላጅ ነበረ። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም የካውቦይ ፊልም ብዙ ልጅ ያሳበደ ነገር ነበረ፤ ከተማሪዎቼ ውስጥ አሜሪካዊ ሁሉ ባርኔጣና ሽጉጥ ያለው የሚመስላቸው ነበሩ።

ነገር ግን ከብት ነጂዎቹ ራሳቸው በሲኒማው እንደምናያቸው አልነበሩም። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከአራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር እንደ ነበረ ይገምታሉ። ኸርብ ጄፍሪስ የተባለ ዘፋኝ ከ1937 እስከ 1939 ዓ.ም. ጥቁር ካውቦይ ሆኖ በጥቂት ፊልሞች ዘፍኗል፤ ፊልሞቹ ግን በአብዛኛው ለጥቁሮች በተለዩት ሲኒማ ቤቶች ይታዩ ስለ ነበር ሌላው ሕዝብ አላወቃቸውም።

በ1940 ዓ.ም. ስለ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ፊልም ተሠራና ሄይ ራሱ፥ ሮይ አከፍና አንክል ዴቭ ሜከን በሸራው ላይ ታዩ። በሚቀጥለው ዓመት ቤይሊ ከኦፕሪ ተባረረ። በዚያን ጊዜ ራዲዮ ጣቢያዎች ከዘፈን ደራሲዎች ማኅበር ጋር በክፍያ ተጣልተው ብዙ የታወቁ ዜማዎች በአየር ላይ እንዳይሰሙ ተከልክለው ነበር፤ ቤይሊ የታወቀባቸውም ከዚያው ውስጥ ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ሄይ ባሳተመው መጽሐፍ ግን ቤይሊን እንደ ጣቢያው ማጫወቻ ቈጥሮ፥ ሰነፍ ስለ ነበረ አዲስ ዜማ አልተማረም ሲል ጻፈበት። ከ52 ሳምንት 49ኙን የሠራን ሰው ሰነፍ የሚል ሚዛን ምን ዓይነት ሚዛን ነው? እኔ በማስተማር በቈየሁበት ዘመን እንደዚህ ያለ የክፍል መገኘት ያለውን ተማሪ ሸልሜዋለሁ እንጂ አላባረርሁም። ቤይሊ ናሽቪል ውስጥ ጫማ ማስጠረጊያ ቤት ከፍቶ የቀረውን ዕድሜውን ልጆቹን በዚያ አሳደገ።

ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ ባላገሩ የሚታየው ይበልጡን ለሳቅ ነበረ። ከ1962 እስከ 1971 ዓ.ም. የታየው «ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ» ድንገት የበለጸጉ ተራራማ ሰዎችን ያላገጠባቸው ነው፤ በ1969 ዓ.ም. የተጀመረው «ሂ ሃው»ም ያው ቀልድ ነው፤ ይሁን እንጂ ታላላቅ ዘፋኞችን በየቤቱ አስገብቷልና ሁሉን በአንድ ላይ አልነቅፍም። ሁለቱንም በ1971 ዓ.ም. ጣቢያቸው የሰረዛቸው ተመልካች አጥተው ሳይሆን፥ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ገንዘብ ያለውን የከተማ ወጣት ስለ ፈለጉ ነው። ድኽነትን በአክብሮት ያሳየ ፊልም ለማየት እስከ 1980 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረብን፤ ይኸውም የሎሬታ ሊን ታሪክ የሆነው «የከሰል ቈፋሪው ልጅ» ነው።

ዓይንን የፈሩ ሰዎች ደግሞ ነበሩ። ቻርሊ ፕራይድ የሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሸክላው ሲወጣ ኩባንያው ፎቶግራፉን ሳያያይዝ ወደ ራዲዮ ጣቢያዎች ላከው። ሕዝቡ ድምፁን ወደደ፤ ቀጥሎ ሰውየውን አየ፤ ከወደደውም በኋላ ሊጠላው አልቻለም። በ1971 ዓ.ም. ፕራይድ የዓመቱ ታላቅ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ይህ ነው። የባላገር ዘፈን አባት የሚባለው ጂሚ ሮጀርስ በ1930 ዓ.ም. በሆሊውድ አንድ ሸክላ ሲያስቀርጽ ትራምፔቱን የነፋለት ሉዊ አርምስትሮንግ፥ ፒያኖውን የመታችለትም የአርምስትሮንግ ሚስት ሊል ሃርዲን ነበረች። ጥቁርና ነጭ አብረው መጫወታቸውን ሸክላው አልገለጠም፤ የሁለቱም ስም አልታተመበትም። አርባ ዓመት አለፈ። በ1970 ዓ.ም. ጆኒ ካሽ የቴሌቪዥን ፕሮግራሙን የሚያቀርበው ራይመን በሚባለው አዳራሽ ነበረ፤ ይህ አዳራሽ ቀድሞ ለወንጌል ስብከት የተሠራ፥ በኋላም የኦፕሪ ቤት የሆነ ነው። ካሽ አርምስትሮንግን ጋብዞ የዚያን ሸክላ ታሪክ በሕዝብ ፊት አነሣ፤ ከዚያም እርሱ በሮጀርስ ቦታ ሆኖ ሲዘፍን አርምስትሮንግ በራሱ ቦታ ነፋ። አሜሪካ ለአርባ ዓመት የሰማውን በዚያን ማታ አየ። አርምስትሮንግ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

ቤይሊም በ1974 ዓ.ም. ወደ ኦፕሪ መድረክ ተመልሶ ተጫውቷል፤ ዕድሜው ያን ጊዜ ሰባ አምስት ደርሶ ነበር። የሞተው በ1982 ዓ.ም. ነው። የባላገር ዘፈን የክብር አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኬን በርንስ በ2019 ዓ.ም. በስምንት ክፍል ባቀረበው የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ሃርሞኒካውን ይዞ ይታያል። ፕሮግራሙን ያዩ ወጣቶች ያንን ባቡር ከምስሉ ጋር ሰሙት፤ አያቶቻቸው ግን ነፊውን ሳያዩ ነበር የወደዱት።