ሦስተኛው መስታወት

ባለፈው ጥር፣ ስቶክሆልም የምትኖረው አክስቴ በቪዲዮ ደውላ ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳንጨርስ "ሁለት ነው ሦስት?" አለችኝ። የምትኖርበት ሕንፃ ማኅበር የመስኮቶቹን ጉዳይ ለድምፅ አቅርቦ ኖሯል። አሮጌዎቹ ባለ ሁለት መስታወት ናቸው። አሁን ወይ በአዲስ ባለ ሁለት ይተካሉ፣ ወይ በባለ ሦስት። ሦስት ከሆነ የወር ክፍያዋ ይበልጥ ይጨምራል። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ለቀራት ሰው ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም።

"እኔ ታሪክ ነው የተማርኩት፤ ስለ መስኮት ምን አውቃለሁ?" አልኳት።

"ታዲያ ታሪኩን ንገረኛ!" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ገብቼ ሳነብ ግን የመስኮቱ ታሪክ እሷ ለምን ስዊድን እንደምትኖር ከሚናገረው ታሪክ ጋር አንድ ቦታ ላይ ተገናኘብኝ።

ከምናውቀው እንነሳ። ጋቢ ለምንድን ነው የሚያሞቀው? ጥጡ እሳት የለውም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቦቹ መካከል አየር ይታሰራል፣ ያ የታሰረ አየር የሰውነታችን ሙቀት እንዳያመልጥ ይይዘዋል። (ነጠላ እንኳን፣ ስሙ ቢያታልልም፣ ሁለት ድርብ ነው።) መስኮትም እንደዚያው ነው። መስታወት ብቻውን ብርድ አይመክትም ማለት ይቻላል። የሚመክተው በሁለት መስታወት መሃል ዝም ብሎ የቆመው አየር ነው።

ስዊድኖች ይህን ያወቁት ያለ ላብራቶሪ ነው። በድሮ ቤቶቻቸው ብርዱ ሊገባ ሲል ከመስኮቱ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል፣ ሁለተኛ መስኮት ይገጠማል። ጠርዙ በወረቀት ጥብጣብ ይለጠፋል። በሁለቱ መሃል፣ ከታች፣ ጥጥ ወይም የደረቀ የድንጋይ ሽበት ይነጠፋል። ብርዱ ሲያልፍ ያው መስኮት ተነቅሎ ጣሪያ ሥር ይቀመጣል። መስኮቱ በብርድ ጋቢ ይለብሳል፣ በሙቀት ያወልቃል እንደማለት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሁለቱ መስኮቶች ተጣምረው እንደ አንድ የሚከፈቱበት ዓይነት ተስፋፋ።

ሁለት መስታወት ጠርዙ ላይ አጣብቆ አየሩን በመሃል ማሸግስ? ቶማስ ስቴትሰን የተባለ የኒውዮርክ ሰው በዚህ ሐሳብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1865 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ግን ማሸጊያው እስኪሻሻልና ገበያ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ አሥርተ ዓመታት አለፉ። እርጥበት ወደ ውስጥ ከገባ መስታወቱ መሃሉ ላይ ይጨጉጋል፣ በጨርቅ ደግሞ አይደረስበትም። እ.ኤ.አ. በ1959 የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ቀልጦ የተዘጋጀ መስታወትን በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፎ ጠፍጣፋ የማድረግ ዘዴውን ይፋ አደረገ፤ ጥራት ያለው መስታወት በብዛት ማምረትም ቀለለ።

አሁን አክስቴ ወደምትኖርበት ሕንፃ እንምጣ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 ባሉት አሥር ዓመታት አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት ተነሳች፣ ሠራችም። ዛሬ ብዙ ስደተኞች የሚኖሩባቸው እንደ ሪንከቢና ቴንስታ ያሉ የስቶክሆልም ሰፈሮች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ቤቶቹ በአብዛኛው ባለ ሁለት መስታወት ነበሩ። ለምን ሦስት አልሆኑም? መልሱ ቀላል ነው፤ ነዳጅ ርካሽ ነበር። በዚያን ጊዜ ስዊድን ከምትጠቀመው ኃይል 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከነዳጅ ዘይት ነበር የሚገኘው። ቤቱ ከቀዘቀዘ ማሞቂያውን ከፍ ማድረግ ነው፣ በቃ።

ከዚያ ጥቅምት 1973 መጣ (በፈረንጆቹ)። በአረብና እስራኤል ጦርነት መሃል የአረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ስዊድን ጥር ላይ ቤንዚን በራሽን እስከ ማደል ደረሰች።

ያው ዋጋ አዲስ አበባም ደረሰ። የነዳጅ ጭማሪው ያስመረራቸው ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በትምህርት ማሻሻያ ዕቅዱ ምክንያት አደሙ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሳምንት የነዳጁን ዋጋ አስቀነሱ፣ የትምህርት ዕቅዱንም አዘገዩት። አልበቃም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። አብዮቱን ነዳጅ ብቻውን አላመጣውም፤ የወሎ ረሃብ አለ፣ የወታደሩ ቅሬታ አለ፣ የመሬት ጥያቄ አለ። ግን ክብሪቶቹ ብዙ ከነበሩ አንዱ የቤንዚን ዋጋ ነበር።

ይህንን ለአክስቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ያኔ ተማሪ ነበረች። "ትምህርትም ታክሲም አንድ ቀን ቀረብን፤ እኛ ልጆቹ ደስ ብሎን ነበር" አለች። ከስድስት ዓመት በኋላ እንደ ብዙዎቹ ከደርግ ሸሽታ ስዊድን ገባች።

በዚያው ዘመን ስዊድን የግንባታ ደንቧን አጠበቀች። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ ቤቶች ሦስት መስታወት የተለመደ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ ያው የነዳጅ ቀውስ በአንድ አገር መስኮት ላይ ሦስተኛ መስታወት ጨመረ፣ በሌላ አገር መንግሥት ለመጣል አገዘ፣ ከዚያ ከሁለተኛው አገር የተሰደደችውን ልጅ ወደ መጀመሪያው አገር ወሰዳት። ዕጣዋ ሆኖ የደረሳት ቤት ግን ቀውሱ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ፣ ባለ ሁለት መስታወት ነው።

ወደ ጥያቄዋ እንመለስ። ባለሙያዎች የሚለኩት እንዲህ ነው፦ በውስጥና በውጪ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ስንት ዋት ያስመልጣል? አንድ መስታወት ወደ 6 ይጠጋል። የድሮ ሁለት መስታወት ወደ 3፣ የድሮ ሦስት መስታወት ወደ 2። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ጨዋታው ተቀየረ። በመስታወቱ ላይ ዓይን የማያየው ቀጭን የብር ንጣፍ ተቀባ፤ ሙቀቱን መልሶ ወደ ክፍሉ ያንጸባርቃል። በመሃሉ በአየር ፈንታ አርጎን የተባለ ጋዝ ተሞላ፤ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአየር አንሶ ነው። በዚህ ዘዴ የተሠራ ባለ ሁለት መስታወት 1.1 ደረሰ፤ ባለ ሦስት 0.6 ገደማ።

አያችሁ? የዛሬው ሁለት ከድሮው ሦስት ይበልጣል። መስታወት መቁጠር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ለአክስቴ በሂሳብ አሳየኋት። ሁለት ካሬ ሜትር መስታወት፣ የ20 ዲግሪ ልዩነት ባለበት ቀን፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሁለት ሲለወጥ ወደ 70 ዋት ይቆጥባል። ከአዲሱ ሁለት ወደ አዲሱ ሦስት ሲኬድ የሚጨመረው 20 ዋት ብቻ ነው፤ የሁለት ትንንሽ አምፖል ያህል። ትልቁ ትርፍ መጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው።

ሦስተኛው መስታወት ዕዳም አለው። አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ፍሬሙና ማጠፊያው መጠንከር አለባቸው። ብርሃንም ይቀንሳል፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለምትታይበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። ፍሬሙ ዙሪያ ንፋስ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ሦስትም አራትም ቢሆን ከንቱ ነው።

በሌላ በኩል ምቾት አለ። ውጪው ከዜሮ በታች 10፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን የአሮጌው ሁለት መስታወት የውስጥ ፊት 9 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አየሩ እሱን እየነካ ቀዝቅዞ ወደ እግር ይወርዳል፤ ራዲያተር መስኮት ሥር የሚደረገውም አንዱ ለዚህ ነው። በአዲሱ ሁለት 16 ይጠጋል፣ በሦስቱ ወደ 18። መስኮት ሥር ተቀምጦ ቡና ለሚጠጣ ሰው ልዩነቱ ይሰማል።

"እንግዲህ" አልኳት፣ "ለኪስሽ ከሆነ አዲሱ ሁለት ይበቃሻል። ሰሜን ለሚያየው መኝታ ቤት ግን ሦስት ቢሆን አይከፋም።"

ከስብሰባው ማግስት ደወለች። እሷ ሦስት ብላ እጇን አውጥታለች። ማኅበሩ ግን በጥቂት ድምፅ ብልጫ ሁለትን መረጠ።

"ሁለት ይበቃሻል አላልኩሽም ነበር?" አልኳት።

"ብለሃል። ግን ነዳጅ ርካሽ ነው ብለው ሁለት ያደረጉት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው የነገርከኝም አንተው ነህ" አለች። ከዚያ ሳቅ ብላ፣ "ለማንኛውም የሚመጣ ሰው ስታገኝ አንድ ጋቢ ላክልኝ።"