የፎርክሊፍት መንጃ ፈቃድ በኢትዮጵያ

ፎርክሊፍት ከፊቱ ባሉት ሁለት የብረት ሹካዎች ዕቃ አንሥቶ የሚያጓጉዝና የሚደረድር ባለሞተር ማሽን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በመጋዘን፣ በፋብሪካና እንደ ሞጆ ባሉ ደረቅ ወደቦች ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢ ወጥቶ የሕዝብ መንገድ ላይ ሲነዳ ግን እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ ለትራፊክ ሕግ ተገዥ ይሆናል፤ ነጂውም ለማሽኑ ዓይነት የሚሆን መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

የፈቃዱ ዓይነት

በ2000 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 600/2000 የተካው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። አዋጁ ፈቃዶችን በተሽከርካሪ ዓይነት ይለያል፤ ከእነዚህም መካከል የሞተር ሳይክል፣ የአውቶሞቢል፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የደረቅና የፈሳሽ ጭነት እንዲሁም የልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ፈቃድ ይገኛሉ። ፎርክሊፍት የሚመደበው ከግንባታና ከእርሻ ማሽኖች ጋር በመጨረሻው ውስጥ ነው። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ልዩ መንጃ ፈቃድ ያለው» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አውቶሞቢል የነዳ ሰው በዚያው ፈቃድ ፎርክሊፍት ይዞ ጎዳና መውጣት አይችልም። በአዲስ አበባ ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን በክልሎች የየክልሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው።

ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም። ማሽኑ ራሱ ተመርምሮና ተመዝግቦ ሰሌዳ ሊኖረው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረትም የሦስተኛ ወገን መድን ሊገባለት ይገባል። በመንገድ ላይ የሚፈጸሙ ጥፋቶች የሚታዩት በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው።

በጊዮርጊስና በፒያሳ

በጊዮርጊስ አካባቢ ጎዳና ላይ ፎርክሊፍት ማየት ብርቅ ነው። በአሮጌዎቹ ሱቆች ደጃፍ ዕቃ የሚያወርዱት ከጥንት ጀምሮ ጫኝና አውራጆች ናቸው፤ ለግንባታ የሚመጣ ማሽንም በአብዛኛው በሎቤድ ተጭኖ ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የሎቤዱ ሹፌር የጭነት ፈቃድ አለውና ማሽኑንም አውርዶ ጥቂት ሜትር ቢነዳው ችግር ያለው አይመስላቸውም። መንገዱ ለሕዝብ ክፍት እስከሆነ ድረስ ግን የርቀቱ ማጠር የፈቃዱን ዓይነት አይለውጠውም።

ልዩ ሥልጠና የሚያስፈልግበት ምክንያት በዚህ ሰፈር ቁልቁለት ላይ ጎልቶ ይታያል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችልን ጎዳና ማሰብ ይበቃል። የተለመደው ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ስለሆነ ሲዞር ጭራው ወደ ውጭ ይወረወራል፤ አጠገቡ የቆመ እግረኛ የሚመታውም በዚህ ጊዜ ነው። ሚዛኑ የሚጠበቀው ከኋላ በተቀመጠ ከባድ ብረት ነው። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ፊቱን ወደ ታች ካዞረ ጭነቱ ከሹካው ሊንሸራተት ወይም ማሽኑ ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል። ስለዚህ ጭነት የያዘ ፎርክሊፍት ዳገቱን ወደ ፊት ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ግን ወደ ኋላ እየሄደ ይወርዳል፤ በሁለቱም ጊዜ ጭነቱ በዳገቱ በኩል ይሆናል። ሹካው ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ተዳፋት ላይ ወደ ጎን መዞር ፈጽሞ አይገባም። ይህን የአውቶሞቢል ፈተና አያስተምርም።

በግቢ ውስጥ

ከሕዝብ መንገድ ውጭ ጉዳዩ በዋናነት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን የማሠልጠንና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞችም በመጋዘን ከባድ ዕቃ በማንሣት ሥራ ላይ እንዲሰማሩ አይፈቀድም።

በሌሎች አገሮች

ጀርመን ሁለቱን ጉዳዮች ለያይታ ታያለች፦ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ ፎርክሊፍት በመንገድ ላይ «ኤል» የተባለው የፈቃድ ክፍል ይበቃል፤ ይህም በተራው የመኪና ፈቃድ ውስጥ ይካተታል። ለማንሣት ሥራው ግን የተለየ የኦፕሬተር ማረጋገጫ ይጠየቃል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ደንብ አሠሪው ኦፕሬተሩን እንዲያሠለጥንና ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ብቃቱን እንዲገመግም ያስገድዳል።