ሲኒማ የሚያጎላው ፎቶግራፍ
(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር)

ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህን ትርኢት ሳያየው አልቀረም። መርማሪው አንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ይዞ ይቀመጣል። «አጉላው!» ይላል፤ ይጎላል። «አሁንም አጉላው!» ይላል፤ እንደ ገና ይጎላል። በመጨረሻም ጥላ ብቻ ከነበረበት ስፍራ የወንጀለኛው ፊት ጠባሳው ሳይቀር ፍንትው ብሎ ይወጣል። ተመልካቹም ይደነቃል፤ ነገር ግን ካሜራ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በዚህ ረገድ ስሙ በቅድሚያ የሚነሣው ኢጣሊያዊው ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ በ1966 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሎንዶን ከተማ ያዘጋጀው «ብሎው አፕ» የተባለው ፊልም ነው። በሚቀጥለውም ዓመት በካን የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በታሪኩ አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ በመናፈሻ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያነሣል፤ ሴቲቱም ፊልሙን ካልሰጠኸኝ ብላ ትከተለዋለች። ነገሩ ቢያጠራጥረው ፎቶግራፎቹን አጥቦ ያጎላል፤ ያጎላውንም ዳግመኛ አንሥቶ ያጎላል፤ በቁጥቋጦው መካከልም ሽጉጥ የያዘ እጅ፣ ቀጥሎም የተጋደመ ሬሳ ያያል።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንመርምረው። በእንዲህ ያለ የእጅ ካሜራ ውስጥ የሚገባው ፊልም የአንዱ ሥዕል ስፋት 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። 50 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በተለመደው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቢነሣ፣ ርዝመቱ 24 ሳንቲሜትር የሆነው ፊቱ በፊልሙ ላይ ሩብ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሥዕሉን ወደ 60 በ90 ሳንቲሜትር ብናሳድገው፣ ማለት በየጎኑ 25 ጊዜ ብናጎላው፣ ያ ፊት 6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማሳደግ ይቻላል፤ የሚያድገው ግን ፊቱ ሳይሆን የፊልሙ ቅንጣት ነው። በፊልሙ ላይ ያለው የብር ጨው ብርሃን ነክቶት በመድኃኒት ሲታጠብ ወደ ጥቃቅን ጥቁር የብር ቅንጣቶች ይለወጣል፤ ሥዕል የምንለውም የእነዚህ ክምችት ነው። በአንዱ ቅንጣት ውስጥ ሌላ ሥዕል ተሸሽጎ አይገኝም።

አንቶኒዮኒ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። የመናፈሻውን ፎቶግራፎች ያነሣለት ስመ ጥሩው የጦርነት ፎቶግራፍ አንሺ ዶን ማከለን ነበር። በፊልሙም ውስጥ ሌሎቹ ፎቶግራፎች ተሰርቀው አንዲት ብቻ ስትቀር፣ ከጎረቤቱ ሠዓሊ ጋር የምትኖረው ሴት አይታ የተናገረችው ከሠዓሊው ሥዕሎች አንዱን እንደምትመስል ነው። ከርሱ በኋላ የመጡት ግን ማጉላቱን ወስደው ይህን ትርኢት ተዉት። ሪድሊ ስኮት በ1982 ባወጣው «ብሌድ ራነር» ማሽኑ በቃል እየታዘዘ ወደ ፎቶግራፉ ውስጥ ይዘልቃል፤ በመስተዋት በኩልም ተሰውራ የተኛች ሴት ያወጣል። ያ ፊልም ስለ መጪው ዘመን የተሠራ በመሆኑ ይቅርታ ይደረግለት ይሆናል፤ የራሳቸውን ዘመን የሚተርኩት የፖሊስ ፊልሞች ግን ይህ ምክንያት የላቸውም።

ደብዛዛ ፎቶግራፍ ከክስ መዝገብ ጋር ተያይዞ ዳኛ ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ይህ እምነት ከጨዋታ ያልፋል። ዛሬ በብር ቅንጣት ፈንታ ምስሉ የሚሠራው በኮምፒዩተር ነጥቦች ነው፤ ካሜራው ያልመዘገበውንም ነጥብ ማሽኑ የሚሞላው በግምት ነው። በ2020 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደብዛዛ ፊት የሚያጠራ «ፐልስ» የተባለ ፕሮግራም አወጡ። ፕሮግራሙ የሚያወጣው በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፊት እንደ ሆነና ሰውን ለመለየት እንደማያገለግል ራሳቸው አስታውቀዋል። በዚያው ዓመት የባራክ ኦባማ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ቀረበለት፤ ጥርት ብሎ የወጣው ፊት ግን የነጭ ሰው ፊት ነበር።